የደበዘዘ የካራቫን ጣሪያ እንዴት ይጸዳል? ምን ያህልስ ይወለወላል?

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ዕድሜው ወደ 15 ዓመት ይጠጋል። ጣሪያው ፋይበርግላስ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። ነጭ የነበረው ቀለም ደብዝዟል፤ በእጄ ስዳስሰው ነጭ ዱቄት ይይዘኛል፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ጥቁር መስመር በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ማጠቢያና በበረኪና ካጠብኩት በኋላ፣ ድሪል ላይ በሚገጠም የሱፍ ንጣፍ ወልውዬ እንደ መስታወት ላደርገው አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ ግን ድካሙን ትተህ የወለል ማንጸባረቂያ ቀባበት ይለኛል። የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይምረጡ። የእርስዎ ዕቅድ ጣሪያውን ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል፤ የወዳጅዎ ምክር ደግሞ ችግሩን ለጥቂት ወራት ከሸፈነው በኋላ ለማስወገድ ይበልጥ አድካሚ በሆነ ሌላ ችግር ይተካዋል። የሁለቱም ስሕተት መነሻ አንድ ነው፤ እርሱም ጣሪያው የደበዘዘው ስለቆሸሸ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቆሻሻው በእርግጥ አለ። እጅዎን የያዘው ነጭ ዱቄት ግን ከውጭ የመጣ ሳይሆን ጣሪያው ራሱ ነው።

ፋይበርግላስ የምንለው ፖሊስተር ሬዚን በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ተነክሮ የደረቀ የብርጭቆ ክር ነው። ይህ አካል ጥንካሬ ይስጥ እንጂ ፀሐይንና ውኃን ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ስለዚህ በላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል፣ ቀለም የተቀላቀለበት የሬዚን ሽፋን ይደረግለታል። ዓይንዎ የሚያየውም እጅዎ የሚዳስሰውም ይህንኑ ሽፋን ብቻ ነው፤ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ተባብሮ በላይኛው ገጽ ያለውን ሬዚን ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፤ ያን ጊዜ ሬዚኑ ይዞት የነበረው ነጭ ቀለም፣ በአብዛኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ዱቄት፣ የሚይዘው አጥቶ እንደ ጠመኔ መራገፍ ይጀምራል። ግድግዳው በዚሁ ዕድሜ ገና እያብረቀረቀ ጣሪያው ቀድሞ የሚጎዳውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚቀበልና ጤዛውም የዝናቡም ውኃ ስለሚቆይበት ነው።

ከዚህ በመነሣት የዘረዘሯቸው ምልክቶች የአንድ ነገር ተከታታይ ውጤቶች መሆናቸውን መረዳት ይቻላል። ሬዚኑ ሲበጣጠስ ገጹ ይሻክራል፤ የሻከረ ገጽ አቧራና ጥቀርሻ ይይዛል፤ አቧራውና እርጥበቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አልጌ ይበቅልባቸዋል፤ ዝናብ ሲመጣም የተራገፈው ዱቄትና ጥቀርሻው ተደባልቀው በጠርዙ በኩል ይወርዱና ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራሉ። ብዙ ሰዎች ግድግዳውን በየወሩ እየፈተጉ መስመሩ ለምን እንደሚመለስ ይገርማቸዋል። መስመሩ የሚመለሰው ምንጩ ከላይ ስላለ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር መወልወል ማለት መቀነስ መሆኑ ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው ቅባት በውስጡ ደቃቅ ሻካራ ዱቄት አለው፤ የሚያበራውም የሞተውን ገጽ ፍቆ በማንሣት ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ጄልኮት በመግለጥ ነው። ቢላዋ በተሳለ ቁጥር እንደሚያልቅ ሁሉ ጄልኮትም በተወለወለ ቁጥር ይሳሳል፤ ተመልሶም አያድግም። የቀረውን ውፍረት ለካራቫን ባለቤት የሚነግር ቀላል መሣሪያ አለመኖሩ ነገሩን ያከብደዋል፤ የመኪና ቀለም ሠሪዎች የሚይዙት ተራ መለኪያ በብረት ላይ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ለፋይበርግላስ አይጠቅምም። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ በተቻለ መጠን ጥቂት መፋቅና የቀረውን በደንብ መከላከል ነው። ማንም ቆሞ ለማያየው ገጽ የመስታወት ነጸብራቅ መፈለግ፣ ጣሪያው ገና የሚያስፈልገውን ሽፋን ለማይታይ ውበት መክፈል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን «ፋይበርግላስ ነው ተብዬ» የሚለው ቃልዎ መረጋገጥ አለበት። የካራቫን ጣሪያ ከፋይበርግላስ ሌላ ቀለም ከተቀባ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ወይም ከተለጠፈ የጎማ ሉህ ሊሠራ ይችላል፤ የአልሙኒየም ቀለምም ነጭ ጎማም ሲያረጁ ልክ እንደ ጄልኮት ነጭ ዱቄት ይተዋሉ። በጥፍርዎ ጫን ሲያደርጉት ትንሽ ከተሰረጎደና ከተመለሰ ጎማ ነው፤ በጠርዙ ወይም በአንድ ጭረት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ አልሙኒየም ነው፤ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ በተቆረጠ ጠርዝ ላይ ወይም ከአየር ማስወጫው ሥር ክር ከታየ ፋይበርግላስ ነው። ይህን መለየት ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ጎማን በኮምፓውንድ መፈተግ ሉሁን ያሳሳዋል፣ የነዳጅ ዘር ያለባቸው ማጽጃዎችም ያሳብጡታል፤ በአልሙኒየም ላይ ያለው ቀለም ደግሞ ከጄልኮት እጅግ የሳሳ በመሆኑ ማሽን ቶሎ ወደ ብረቱ ይደርሳል።

ጣሪያው ላይ ወጥቶ መቆምንም በቀላሉ አይመልከቱት። አብዛኛው የካራቫን ጣሪያ ከቀጭን ፋይበርግላስ፣ ከፎምና ከስስ ኮምፔንሳቶ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ለሰው ክብደት ታስቦ የተሠራው ከአንዳንዶቹ በቀር የለም። የሠሪው መመሪያ መራመድ ይቻላል ካላለ፣ አይቻልም ብለው ይውሰዱት። የተረገጠ ቦታ ከላይ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊላቀቅ፣ ጄልኮቱም በደቃቁ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው የእርስዎ አካል ነው፤ ጣሪያው ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል፣ ሳሙና የነካው ጄልኮት ደግሞ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ሥራውን ከጎን ሆነው፣ በማይነቃነቅ የሥራ መድረክ ላይ ቆመው፣ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይሥሩ። ግድግዳው ላይ የተደገፈ ተራ መሰላል ላይ ሆኖ በአንድ እጅ ማሽን መያዝ በፍጹም አይፈቀድም፤ መድረክ ካላገኙ ማጠቡን ብቻ ከመሬት ሠርተው ውልወላውን ለባለሙያ ይተዉት።

የመጀመሪያው እጥበት ራሱ ምርመራ ነው። ለብ ባለ ውኃ ላይ ጨው የሌለውና ለመኪና አካል የተዘጋጀ ለስላሳ ሻምፑ ጨምረው፣ በጥላ ወይም በማለዳ፣ ከመካከል ወደ ጠርዝ እየሄዱ ይጠቡ። አስቀድመው ግን ግድግዳዎቹን በውኃ ያርሱ፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ የወረደ ቆሻሻ ውኃ እዚያው ደርቆ አዲስ መስመር ይሠራል። አንድ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ብሩሹን ለማጠቢያ ይሁን፤ አለዚያ ከጣሪያው ያነሡትን አሸዋ መልሰው ይፈትጉበታል። ከጣሪያው ከወረደ በኋላ ግድግዳው እስኪታጠብ ድረስ ሳሙናው እንዳይደርቅ ደጋግመው ያለቅልቁ።

በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን ማጠቢያ የምቃወመው ጄልኮቱን ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም። ዋናው ጉዳት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። የጣሪያ መስኮት፣ የአየር ማስወጫ፣ የአንቴና እግርና የጠርዝ ሐዲድ ሁሉ የታሸጉት በማሸጊያ ቅባት ነው፤ ይህም ከላይ ወደ ታች የሚወርድን ዝናብ እንዲመልስ እንጂ ከጎንና ከሥር በግፊት የሚገባን ውኃ እንዲቋቋም አልተሠራም። 15 ዓመት በሆነው ማሸጊያ ሥር የገባ ውኃ ተመልሶ አይወጣም፤ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ጥገናውም ከደበዘዘ ጣሪያ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ተራ የውኃ ጎማ ይበቃል።

በረኪና አልጌን መግደሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቀረ የሰም መከላከያ ካለ ያጥበዋል፣ ጎማና ማሸጊያን ያደርቃል፣ የአልሙኒየም ጠርዝን ይበላል፣ ከሥር ያለውን ሣርም ያቃጥላል። ለአረንጓዴው አልጌ ሻምፑውና ለስላሳ ብሩሽ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ናቸው፤ ካልለቀቀ ለጀልባ ወይም ለካራቫን የተዘጋጀ የአልጌ ማስወገጃ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ድርቅ ብሎ የተለጠፈ የድንጋይ ሽበት ካለ በኃይል አይፋቁት፤ ሥሩ ገጹን ቦርቡሮ ስለሚይዝ ጄልኮት ይዞ ይነሣል። እርጥብ ጨርቅ ጥለውበት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየና ከራሰ በኋላ በፕላስቲክ መፋቂያ በቀስታ ያንሡት። በብሎኖች ዙሪያ የሚታየውን የዝገት ቡኒ እድፍና ቅጠል የተወውን ቀለም ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የፋይበርግላስ ማጽጃ ያነሣዋል፤ ይህ አሲድ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያስታውሱ፤ በረኪና ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም እንዲሁ የሚመርዝ ጋዝ ይሠራል። በረኪናንና ከእነዚህ አንዱን በአንድ ቀን ጣሪያው ላይ አያድርሱ።

የጣሪያ መስኮቶቹ ብርጭቆ ሳይሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ናቸው። አልኮል፣ አሴቶን፣ ቲነርና የመስታወት ማጽጃ ከነካቸው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣሉ፤ ይህም አይድንም። እነርሱን በሻምፑና በውኃ ብቻ ይጠቡ፤ ኮምፓውንድ ከመጀመርዎ በፊትም ከነጎማቸው በፕላስቲክ ሸፍነው በወረቀት ፕላስተር ያሽጉ።

ጣሪያው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ጨርቅ ወስደው አንድ ቦታ ላይ ጫን ብለው ይሹ፣ ከዚያም ያንኑ ቦታ በውኃ ያርጥቡት። ጨርቁ ነጭ ከያዘና ሲረጥብ የቀድሞው ቀለም ከተመለሰ ጉዳዩ ላዩን ብቻ ነው፤ ሊድን ይችላል። ጨርቁ ምንም ካልያዘ ደብዛዛነቱ አብዛኛው ቆሻሻ ነበር ማለት ስለሆነ ኮምፓውንድ አያስፈልግዎትም፤ በቀጥታ ወደ ሰም ይለፉ። በውስጡ ጥቁር የገባበት ደቃቅ ስንጥቅ ካለ ወይም የብርጭቆው ክር ራሱ ብቅ ካለ ግን ማንኛውም ውልወላ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ሁኔታ ከታች እመለስበታለሁ።

ኮምፓውንድ ካስፈለገ ሁልጊዜ በጣም ደቃቁ ከሆነው ይጀምሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ፣ ከመሬት በማይታይ ቦታ ይሞክሩት፤ በደቃቁ ከዳነ ለምን ሻካራውን ያወጣሉ? ካልዳነ ብቻ አንድ ደረጃ ወደ ሻካራው ይሂዱና ከዚያ በደቃቁ ይጨርሱ። በውኃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ የሚሉ ምክሮች ያጋጥሙዎታል፤ ያ ጄልኮቱ ወፍራም ለሆነ ጀልባ የሚሆን፣ የለመደ እጅም የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ ለ15 ዓመት የካራቫን ጣሪያ አልመክረውም።

ድሪሉን ይተዉት። የሚሽከረከረው በአንድ እምብርት ዙሪያ በፍጥነት ነው፣ ንጣፉ ትንሽ ነው፣ እጅም ትንሽ ካዘነበለ ኃይሉ ሁሉ በአንድ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ውጤቱም ሙቀት፣ የተቃጠለ ቦታና ክብ ክብ ጭረት ነው። የሚሽከረከረውን ያህል ወደ ጎንም የሚወዛወዝ፣ ባለ ሁለት እንቅስቃሴ የሚባለው የፖሊሽ ማሽን ሥራውን ቢያዘገይም ለጀማሪ እጅ ይቅር ይላል። በስፖንጅ ንጣፍ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምረው፣ ማሽኑን ሳያቆሙበት በዝግታ ያንቀሳቅሱ፤ ገጹ ለእጅ ሲሞቅ ቆም ይበሉ። ጠርዝና ጉብታ ላይ ጄልኮቱ ከሌላው ቦታ የሳሳ ስለሚሆን እነዚያን በእጅ ብቻ ይሥሩ። ንጣፉ ነጭ መያዙ አያስደንግጥዎት፤ በመኪና ቀለም ላይ ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ጄልኮት ግን እስከ ታች ድረስ ባለ ቀለም ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። ሊያስደነግጥዎ የሚገባው አንድ ቦታ ከአካባቢው ተለይቶ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ሆኖ ውስጡን ማሳየት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው ያቁሙ። የሚነሣው ዱቄት ለሳንባ ስለማይበጅ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ብዙ ኮምፓውንዶች ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ልክ ውኃው እንዳደረገው የጠመኔውን ገጽ አርሶ ያበራዋል፣ ባለቤቱም ዳነ ብሎ ሰም ይቀባበታል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘይቱ ሲጠፋ ድብዛዜው ይመለሳል። ለማረጋገጥ፣ የተወለወለውን ቦታ ከአክሪሊክ መስኮት ርቀው በውኃ በተበረዘ አልኮል ጠርገው ሲደርቅ ይመልከቱ፤ ብርሃኑ ካልሄደ እውነተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰዎች የሚዘልሉት፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የማየው ሥራ አለ፤ ማሸጊያውን መመርመር። ሰም ከተቀባ በኋላ አዲስ ማሸጊያ ስለማይዝ ጥገናው ከሰሙ መቅደም አለበት፤ በጠመኔ ላይ የተደረገ ማሸጊያም ከጠመኔው ጋር ስለሚነሣ ከእጥበቱና ከውልወላው መቅደም የለበትም። የተሰነጠቀውን፣ የተላቀቀውንና የደረቀውን ሙሉ በሙሉ አንሥተው ለካራቫን በተዘጋጀ፣ ከደረቀ በኋላ እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይተኩ። የቀድሞው ባለቤት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተጠቅሞ ከሆነ ቅሪቱን ጠርጎ ማጥፋት ግድ ነው፤ በሲሊኮን ቅሪት ላይ ሌላ ነገር አይጣበቅም።

በመጨረሻ የሚመጣው መከላከያው ነው። የተፈጥሮ ሰም ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፣ ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ ሥር በጥቂት ወራት ያልቃል። ለጣሪያ የምመርጠው የጨረር መከላከያ ያለበትን ሰው ሠራሽ የፖሊመር ሽፋን ነው፤ ያን ያህል ባያንጸባርቅም ይበልጥ ይቆያል፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ከተቀባም ውኃ ሳይቆይበት እንዲንሸራተት ያደርጋል። ሲሊኮን ያለበትን ማንጸባረቂያ አይጠቀሙ፤ ወደፊት ቀለም ወይም ማሸጊያ ቢያስፈልግ ሥራውን ያበላሻል። ለመርገጫ ተብሎ ሻካራ የተደረገ ቦታ ካለ ደግሞ ምንም አይቀቡት።

የወዳጅዎ የወለል ማንጸባረቂያ የሚሠራው በተለየ መንገድ ነው። ምንም ሳይፍቅ በጠመኔው ላይ እንደ ፕላስቲክ ስስ ሉህ ይደርቃል፤ በመጀመሪያው ወር በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን የተሠራው ለቤት ውስጥ ወለል ስለሆነ በፀሐይ ብጫ ይሆናል፣ ውኃ በቆየበት ቦታ ነጭ ያወጣል፣ የያዘውም ልቅ ዱቄት ላይ በመሆኑ እየተላጠ ይነሣል። ግማሹ ተልጦ ግማሹ አልላጥ ያለ ጣሪያ ለማጽዳት አሞኒያ ያለበት ማስለቀቂያና ብዙ ቀን ይጠይቃል፤ ያ ማስለቀቂያም ወደ መስኮቶቹ ይፈስሳል።

የብርጭቆው ክር ከታየ ወይም ደቃቁ ስንጥቅ ከተስፋፋ ጄልኮቱ አልቋልና የሚያስፈልገው አዲስ ሽፋን ነው። የፖሊስተር ጄልኮትን በብሩሽ መቀባት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተራው ዓይነት አየር እስከነካው ድረስ ላዩ እየተጣበቀ የሚቀር በመሆኑ ለዚሁ የሚጨመር የፓራፊን ሰም ይፈልጋል። የሚበረክተው በሁለት ክፍል የሚደባለቅ ፖሊዩሬታን ቀለም ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ግን መተንፈሻ አካልን ክፉኛ የሚጎዳ ስለሆነ በተለይ በመርጨት ሲቀባ ከውጭ አየር የሚቀበል ጭምብል ያስፈልገዋል። ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም። ከአንድ ነጥብ የሚነሣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካዩ ደግሞ ምክንያቱ ፀሐይ ሳይሆን ምት ወይም የተረገጠ ቦታ ነው፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከሥሩ ያለው አካል መላቀቁን በጣት መታ መታ አድርገው ያዳምጡት፣ ድምፁ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይጠገን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ማጠቢያ ማሽኑንና በረኪናውን ትተው በሻምፑና በብሩሽ ብቻ ይጠቡት፤ ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ይፈትኑት፤ ጨርቁ ነጭ ከያዘ በደቃቅ ኮምፓውንድ አንድ ጊዜ፣ ዱቄቱ እስኪቆም ድረስ ብቻ ይወልውሉት፤ ማሸጊያውን ያድሱ፤ በፖሊመር ሽፋን ይዝጉት። ወጥ የሆነ፣ ለእጅ የለሰለሰ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ፈዘዝ ያለ ብርሃን ሲያገኙ ማሽኑን ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ማጠብና ሽፋኑን መድገም ይበቃል፤ ኮምፓውንዱን እንደገና የሚያወጡት ጥቁሩ ጨርቅ ነጭ ሲይዝ እንጂ የቀን መቁጠሪያ ስላለ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያሉትን ጥቁር መስመሮች ከጣሪያው በኋላ ይጠቧቸው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዝናብ በኋላ በአንድ ቦታ ብቻ ከተመለሱ ከዚያ በላይ ያለውን መጋጠሚያ ይመልከቱ፤ አንድ ያለፉት ቦታ አለ።